«ሰነፍ» የተባለው ልጅና ሚዛናችን



ለዚህ ጽሑፍ መነሻ የሆነኝ ደሴ የምትኖረው ታናሽ እኅቴ ያቀረበችልኝ አንድ ጥያቄ ነው። የጠየቀችኝም የ12ኛ ክፍል ውጤት በተነገረ በሦስተኛው ቀን በስልክ ነበር። ልጇ 41 በመቶ አምጥቷል። በቀጥታ ዩኒቨርሲቲ ለመግባት ደግሞ 50 በመቶ ያስፈልጋል። አንድ ሰው ቤቷ ድረስ መጥቶ «ገንዘብ ከተገኘ ልጁ የሚገባበት መንገድ አይጠፋም» ብሏት ኖሮ፣ «ወንድሜ፣ ልጄ የተመዘነበት ሚዛን ራሱ የተጣመመ ከሆነ፣ እኔ በጣቴ ጫን ባደርገው ሐራም ይሆንብኛል?» አለችኝ።

እኔም «አዎ፣ ሐራም ነው» ብዬ ወዲያው መለስኩላት። ስልኩን ከዘጋሁ በኋላ ግን የመለስኩት የጥያቄዋን ግማሽ ብቻ መሆኑ ታየኝ። ሚዛኑ ተጣሟል ወይስ አልተጣመመም? ይህኛው ግማሽ ሳይመለስ ቀረ። እነሆ ወራት አለፉ፤ እኔም ከዚያን ጊዜ ጀምሮ ይህንኑ ሳወጣና ሳወርድ ቆይቻለሁ።

ልጁን ከሕፃንነቱ ጀምሮ አውቀዋለሁ። ጁዝእ ዐምማንና ጁዝእ ተባረክን በቃሉ የያዘው ገና ዘጠኝ ዓመት ሳይሞላው ነው። እናቱ ቡና ስታፈላ የምትከፍተውን ቂርኣት እየሰማ፣ ማንም ተቀመጥና አጥና ሳይለው ሐፈዘው። የቁርኣን ቤቱ ኡስታዝም በልጆቹ ፊት እያስነሳ ያስቀራው፣ ለሌሎቹም ምሳሌ ያደርገው ነበር። አንድ ቀን ታዲያ ኡስታዙ ሙስሐፉን ከመሐል ገለጠና ጣቱን አንድ መስመር ላይ አኑሮ «ከዚህ ቅራ» አለው። ልጁ ዝም አለ። ሱራውን በቃሉ ያውቀዋል፤ ነገር ግን የኡስታዙ ጣት ከየትኛው ቃል ላይ እንዳረፈ ፊደሉን አይቶ መለየት አልቻለም። ኡስታዙ «እስከ ዛሬ ስታታልለኝ ኖረሃል ማለት ነው» ብሎ ተቆጣው። ከዚያ በኋላ ሁለት ሳምንት ሙሉ ልጁ ከቁርኣን ቤት ቀረ። ኡስታዙን ለመውቀስ ብዬ አይደለም ይህን የማነሣው። እኔም በእርሱ ቦታ ብሆን ይህንኑ እል ነበር። እንዲያውም ብያለሁ፤ ወደዚያ እመለስበታለሁ።

እስቲ አንድ የእኛ አገር ሙስሊም ልጅ አሥር ዓመት ሳይሞላው ምን ያህል ሸክም እንደሚሸከም እናስብ። በቁርኣን ቤት ከቀኝ ወደ ግራ የሚነበብ ፊደል ይማራል። ባ፣ ታ እና ሣ አንድ አካል ናቸው፤ የሚለያዩት አንዷ ከሥሯ አንድ ነጥብ፣ ሌላዋ ከላይዋ ሁለት፣ ሦስተኛዋ ደግሞ ሦስት ነጥብ ስላላት ብቻ ነው። ጂም፣ ሓ እና ኻም እንዲሁ። ከዚያ ተነሥቶ ትምህርት ቤት ሲገባ ከግራ ወደ ቀኝ የሚሄደውን የአማርኛ ፊደል ያገኛል፤ 33 ሲባዛ በ7፣ 231 ማለት ነው፤ ድምፃቸው አንድ ሆኖ መልካቸው የሚለያዩትንም ሀ፣ ሐ እና ኀን ጨምሮ። ሦስተኛው የእንግሊዝኛው ነው። እዚያ ደግሞ ትንሿ «ቢ» እና ትንሿ «ዲ» ጀርባ የተሰጣጡ መንትዮች ናቸው። ብዙው ልጅ ይህን ሁሉ ተሸክሞ ያልፋል፤ ይህም አላህ (ሱ.ወ.) ለሰው ልጅ አእምሮ ከሰጠው ድንቅ ችሎታ አንዱ ነው። ጥቂቱ ልጅ ግን አያልፍም። ወይም ያልፋል፤ ግን ሌላው በአንድ ደቂቃ የሚያነበውን እርሱ በሦስትና በአራት ደቂቃ እያነበበ፣ በላቡ ነው የሚያልፈው።

ባለሙያዎች ዲስሌክሲያ ይሉታል። አእምሮ የተጻፈውን ምልክት ከድምፁ ጋር ሲያገናኝ የሚገጥመው እክል ነው። ከማስተዋል ማነስ የሚመጣ አይደለም፤ ከዓይን ሕመምም አይደለም፤ በዘር የሚወርድበት ጊዜም ብዙ ነው። ልጁ ሲነገረው ይገባዋል፣ ሲጠየቅ በአፉ ይመልሳል፣ ወረቀት ሲቀርብለት ግን ሌላ ሰው ይመስላል።

እኛ ግን በአማርኛችን ለዚህ ልጅ ያዘጋጀንለት ስም አንድ ብቻ ነው፤ «ሰነፍ»። ውድ አንባቢ፣ ይህችን ቃል ለአፍታ ተመልከታት። በእርሻ ቦታ ሰነፍ ማለት ሥራ የማይወድ፣ እየቻለ የማይሠራ ሰው ነው። በትምህርት ቤት ደግሞ ሰነፍ ማለት ውጤቱ ዝቅ ያለ ተማሪ ነው። ሁለቱን በአንድ ቃል ጠቅልለን ስለምንጠራቸው፣ ዝቅተኛ ነጥብ ያመጣ ልጅ ሁሉ አጥፍቶ የተገኘ ይመስለናል። «ጎበዝ» የሚለውም ቃል እንዲሁ ነው፤ ትጉሁንና በተፈጥሮው ፈጣን የሆነውን ሳይለይ ያመሰግናል። ስለዚህ በማያነብበት እጁ ሳይሆን በሌለበት ጥፋት የሚቀጣ ልጅ በየክፍሉ አለ። እንቅልፍ አጥቶ ያጠና ልጅ 41 አምጥቶ ሰነፍ ሲባል፣ ሰነፍነቱን ራሱም ያምንበታል። የእኅቴ ልጅ አምኖበታል።

አሁን ወደ ራሴ ልመለስ። በ1989 ዓ.ም. በወሎ በአንዲት ትንሽ ከተማ ወጣት የታሪክ መምህር ነበርኩ። አንድ ተማሪ ነበረኝ፤ ስለ ዓድዋ ጦርነት በክፍል ውስጥ ጠይቄው ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ፣ መድፉ የት እንደተጠመደ ሳይቀር፣ እኔ ካስተማርኩት አሳምሮ የተናገረ ልጅ ነው። የፈተናው ዕለት ሰዓቱ ሲያልቅ ወረቀቱ ላይ የነበረው ሦስት መስመር ብቻ ነበር፤ እርሱም የተሰራረዘ። «ቲቸር፣ ትንሽ ጊዜ» አለኝ። ወረቀቱን ከእጁ መንጭቄ ወሰድኩና ክፍሉ ሁሉ እየሰማ «ሰነፍ! አንተ አፍ ብቻ ነህ» አልኩት። በዚያ ዓመት ወደቀ፤ ደግሞ ሊማርም አልተመለሰም።

በ2011 ዓ.ም. ኮምቦልቻ ላይ አገኘሁት። የከባድ መኪና ሾፌር ሆኗል፤ አላህ ይጨምርለት፣ ደህና ነው። ሻይ ጋበዘኝ። በመሐል የጭነት ሰነድ ይዞለት የመጣ ሰው ነበር፤ ወረቀቱን ተቀብሎ ሳያየው ለረዳቱ አቀበለውና «አንብበው» አለው። ያኔ ነው የገባኝ። ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ ያልገባኝ ነገር በአንድ ብርጭቆ ሻይ ገባኝ። እርሱ ግን እየሳቀ «ቲቸር፣ ያኔ እኮ መልሱን አውቀው ነበር» አለኝ። ዐውፍ እንዲለኝ ጠየቅሁት፤ «ዐውፍ ብያለሁ» አለ፤ የሻዩን ሒሳብ እንደሚከፍል ሰው ፈጠን ብሎ። የሰው ሐቅ ባለቤቱ ካልማረ እንደማይማር ሁላችንም የተማርነው ነው። እንዲህ ፈጥኖ የተባለ ዐውፍ ይበቃ እንደሆነ አላህ ነው የሚያውቀው።

እንግዲህ ወደ ሚዛኑ እንሂድ። የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና በዩኒቨርሲቲዎች ግቢ ውስጥ መሰጠት ከጀመረ ወዲህ ያለውን ውጤት ሁላችንም እናውቃለን። የ2014 ዓ.ም. ተፈታኞች ውጤት በጥር 2015 ይፋ ሲሆን 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 29,909 ብቻ፣ ማለትም ከመቶ 3.3 ነበሩ። በ2015 ዓ.ም. 3.2፣ በ2016 ዓ.ም. 5.4፣ በ2017 ዓ.ም. ደግሞ 8.4 በመቶ ሆኗል። ፈተናው መጥበቁን የሚያማርሩ አሉ፤ እኔ ከእነርሱ ወገን አይደለሁም። በ2008 ዓ.ም. ፈተናው ቀድሞ ወጥቶ ተሰርዞ እንደ አዲስ እስከ መሰጠት የደረሰበትን ጊዜ አንረሳውም። ሌብነትን ያቆመ ሰው አጅር አለው። ይሁን እንጂ ሚዛን መጥበቁ አንድ ነገር ነው፤ ቀጥ ማለቱ ሌላ ነገር ነው። ማንም የማይነካው፣ ማንም የማይሰርቀው፣ ሆኖም የተጣመመ ሚዛን ሊኖር ይችላል።

ከመቶ ዘጠና በላይ በሚወድቅበት አገር ስለ አንድ የማንበብ እክል ስላለበት ልጅ ማውራት ቅንጦት አይደለም ወይ የሚለኝ አይጠፋም። በጎርፍ ብዙ ሰው ሲወሰድ እግሩ የታሰረውን ሰው ለብቻው የሚያየው የለም፤ ሁሉም «ጎርፍ ወሰደው» ይባላል። የእኔ ጭንቀት ይኸው ነው። መምህር በማጣቱ የወደቀ፣ መጽሐፍ በማጣቱ የወደቀ፣ በጦርነት ትምህርት ቤቱ ተዘግቶበት የወደቀ፣ አውቆ መልሱን በሰዓቱ አንብቦ ባለመድረሱ የወደቀ፣ ሁሉም አንድ ቁጥር ሆነው ይወጣሉ።

በመስጊዳችን ከዐስር ሶላት በኋላ የምንጫወት ጥቂት ጓደኛሞች አለን። ይህን ነገር ለእነርሱ አነሳሁት። እኔ የያዝኩት ማስረጃ ዓኢሻ (ረ.ዐ.) ከነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) ያስተላለፈችው የታወቀው ሐዲስ ነበር፤ ቁርኣንን አሳምሮ የሚቀራው ከተከበሩት መላእክት ጋር እንደሆነ፣ እየተንተባተበና እየከበደው የሚቀራው ደግሞ ሁለት አጅር እንዳለው የሚነግረን። ይህን ሐዲስ በደርስ ላይ ስንት ጊዜ ሰምቼዋለሁ! አንድም ቀን ግን በቁርኣን ቤቱ የኋላ ረድፍ አንገቱን ደፍቶ የሚቀመጠው ልጅ ትዝ ብሎኝ አያውቅም። ሩኽሳንም አነሣሁ። ዒምራን ኢብን ሑሰይን (ረ.ዐ.) ታምሞ ስለ ሶላት ሲጠይቅ ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) ቆመህ ስገድ፣ ካልቻልክ ተቀምጠህ፣ ካልቻልክም በጎንህ ብለው እንዳዘዙት በቡኻሪ ተዘግቧል። ተቀምጦ የሰገደውን በሽተኛ «ግማሽ ሶላት ሰገደ» የሚል ፈቂህ አልሰማንም። ውሃ ያጣ ሰው ተየሙም አድርጎ ይሰግዳል፤ በሶፉም ከሌላው አንድ ስንዝር ወደ ኋላ አይቆምም። ይህን በየቀኑ የሚያደርግ ሕዝብ ለአንድ ልጅ ሠላሳ ደቂቃ መጨመር እንዴት እንግዳ ይሆንበታል?

ከመካከላችን አንዱ፣ በንግድ የሚተዳደርና ነገር የሚገባው ሰው፣ አቋረጠኝ። «አንተ ሰው፣ ጥሩ ተናግረሃል፤ ግን ሁለት አጅር ማለት ሁለት ነጥብ ማለት አይደለም። የአላህ ራሕመት ወንበሩ አይሞላም፤ የዩኒቨርሲቲ ወንበር ይሞላል። ለአንተ የእኅት ልጅ የጨመርከው ደቂቃ ከሌላ የድሃ ልጅ ላይ የተቀነሰ ቢሆንስ? ያ ልጅ በአንድ ነጥብ ቢወድቅ ዙልም አይሆንም?»

እውነቱን ለመናገር ለጊዜው መልስ አጣሁ። ይህ ተራ ክርክር አይደለም። ሩኽሳ በእኔና በጌታዬ መካከል ነው፤ የእኔ ተቀምጦ መስገድ የጎረቤቴን ሶላት አይቀንስበትም። ፈተና ግን ውድድር ነው። እዚህ ላይ የሩኽሳ ምሳሌ ብቻውን አይበቃም። ሩኽሳን እየጠቀሱ ሁሉን ለማለፍ መሞከርም ዲንን ለራስ ጥቅም እንደ ማዋል ይቆጠራል።

መልሱን ያገኘሁት ከራሱ ከጓደኛዬ ሱቅ ነው። በሌላ ቀን ሱቁ ቁጭ ብዬ ሳለሁ አንዲት የገጠር ሴት ቅቤ በጣሳ ይዛ መጣች። ጓደኛዬ ጣሳውን ከነቅቤው ሚዛን ላይ አስቀመጠና መዘነ፤ ከዚያም ቅቤውን ወደ ሌላ ዕቃ ገልብጦ ባዶውን ጣሳ ለብቻው መዘነ፤ የጣሳውን ቀንሶ ከፈላት። «ለምን ጣሳውን ትመዝናለህ?» አልኩት። «እብድ ነህ እንዴ! እኔ የምገዛው ቅቤ እንጂ ጣሳ ነው?» አለኝ። ያንጊዜ «በል እንግዲህ፣ የፊዚክስ ፈተናም የሚገዛው ፊዚክስ ነው» አልኩት።

ነገሩን ላብራራው። የፊዚክስ ጥያቄ የሚጠይቀው ተማሪው ስለ ጉልበትና ስለ ፍጥነት ያወቀውን ነው። ያ ዕውቀት ግን ወደ ሚዛኑ የሚመጣው በእንግሊዝኛ ንባብ ጣሳ ውስጥ ሆኖ ነው። የአብዛኛው ልጅ ጣሳ ተመሳሳይ ስለሆነ ማንም ልብ አይለውም። የዚህ ልጅ ጣሳ ግን የተለየ ነው። የእርሱን ጣሳ ለብቻው መዝኖ ማስላት ለእርሱ ማዳላት ሳይሆን ቅቤውን ማወቅ ነው። በሱረቱል ሙጠፊፊን አላህ (ሱ.ወ.) ሲሰፍሩ ለሚያጎድሉት ወዮታን ሲያስታውቅ፣ ነገሩ የጤፍና የገብስ ብቻ ይመስለናል። የሰውን ልጅ ዕውቀት የሚሰፍር ሰው ከጤፍ ነጋዴ ያነሰ ኃላፊነት አለበት? በአንድ ነጥብ የወደቀው ልጅም ቢሆን የተበደለው ሌላው ሰው በትክክል ስለተመዘነ አይደለም፤ በተሳሳተ ሚዛን ያገኘው ብልጫ ቀድሞም የእርሱ አልነበረም።

ጓደኛዬ አሰበና «ታዲያ ፈጥኖ ማንበብ ራሱ ቅቤ የሚሆንበት ሥራስ?» አለ። ልክ ነው፤ ይህንንም እቀበላለሁ። ቅልጥፍናው ራሱ የሥራው አካል በሆነበት ቦታ መቀነስ ማታለል ይሆናል። ስለዚህም ነው እያንዳንዱ ጉዳይ ለየብቻው፣ በሚያውቅ ሰው መታየት ያለበት። ተጨማሪ ሰዓት ለጠየቀ ሁሉ ይሰጥ ማለቴም አይደለም፤ ያማ ቢሆን በማግስቱ የማይንተባተብ ልጅ አይገኝም ነበር።

ይህ ነገር በሌላው ዓለም ከተለመደ ቆይቷል። ለንደን የሚኖር የአጎቴ ልጅ አለ፤ ልጁ ከእኅቴ ልጅ ጋር አንድ ዓይነት እክል አለበት፤ እንዳልኩት በዘር ይሄዳል። በእንግሊዝ ልጁ ተመርምሮ ከተረጋገጠ በፈተና 25 በመቶ ተጨማሪ ጊዜ መስጠት የተለመደ አሠራር ነው፤ እርሱም ተሰጥቶት ተፈትኗል። የአንድ ቅድመ አያት ልጆች ናቸው። አንዱ ለንደን፣ ሌላው ደሴ ተወለደ። የእኛም አገር ቢሆን የአካል ጉዳተኞች መብቶች ኮንቬንሽንን በአዋጅ ቁጥር 676/2002 አጽድቃለች፤ አንቀጽ 24 ትምህርትን፣ ከፍተኛ ትምህርትንም ጭምር፣ የሚመለከት ሲሆን «ተመጣጣኝ ማመቻቸት» እንዲደረግ ያዛል። ሐቅ እንጂ ሰደቃ አይደለም ማለት ነው።

ልጁ 41 በመቶ በማምጣቱ ሪሚዲያል የሚባለውን የአቅም ማሻሻያ ትምህርት ለመከታተል ተመድቧል። አልሐምዱሊላህ፤ ከነጭራሹ ከመዘጋት ይሻላል። ነገር ግን እዚያም የሚጠብቀው ያው ወረቀት፣ ያው ሰዓት ነው። ስለዚህ አንድ ቀን አብሬው ሄጄ ጉዳዩ ይመለከተዋል ወደተባልነው ቢሮ ገባን። የተቀመጡት ሰው ትሑት ናቸው፤ አስተናገዱን። «ጉዳቱ ምን ላይ ነው?» ብለው ልጁን ከእግር እስከ ራሱ አዩት። ዓይኑ ያያል፣ ጆሮው ይሰማል፣ እግሩ ይሄዳል። ማንበብ እንደሚከብደው ነገርኳቸው። «እንግዲህ ወረቀት አምጡ» አሉን። ከማን? እርሳቸውም አላወቁም። ለዓይነ ስውር አንባቢ መመደብ የሚገባው አሠራር፣ የማይታየውን ጉዳት ለማየት ገና ዓይን አላወጣም። እኛም ወረቀቱን ፍለጋ ከደሴ አዲስ አበባ ድረስ ተመላለስን። የጤና ጣቢያው ወደ ዓይን ሐኪም ላከን፤ የዓይን ሐኪሙ መነጽር አያስፈልገውም ብሎ መለሰን። የልዩ ፍላጎት ትምህርት የተማረ አንድ መምህር በብዙ ልመና ሁለት ሰዓት ተቀምጦ ፈተነውና ያየውን ጻፈልን። ያ ደብዳቤ ገብቷል። ይጸድቅ እንደሆነ ገና አልተነገረንም።

እኔም በቤት ውስጥ የራሴን ሙከራ አድርጌያለሁ። የቆየ የፊዚክስ ፈተና አምጥቼ በተመደበው ሰዓት ሰጠሁት፤ ከ40 ጥያቄ 16 አገኘ። በሌላ ቀን የሌላ ዓመት ፈተና ጥያቄዎቹን እኔ እያነበብኩለት ሠራ፤ 25 አገኘ። ደስታዬን መደበቅ አልቻልኩም። በእንግሊዝኛው ፈተና ግን ይህን ያህል ለውጥ አላየሁም፤ ሒሳቡም ደካማ ነው። ለአንባቢ የማልደብቀው ይህ ነው። ጣሳው ተቀንሶለትም ምናልባት 47 ወይም 48 ነበር የሚያመጣው። የተበደለ ልጅ ሁሉ ሊቅ ነው ብሎ መጻፍ ቀላል ነው፤ አንባቢም ይወደዋል። የእኅቴ ልጅ ሊቅ አይደለም፤ መካከለኛ ተማሪ ነው። ሐቅ የሚገባው ግን ሊቅ ስለሆነ አይደለም። መካከለኛም ሰው በትክክል የመመዘን ሐቅ አለው።

ወደራሳችንም እንይ። የወሎ መሻይኾች የማስተማሪያ ሥርዓት ለዚህ ጉዳይ ከዛሬው ክፍል ይልቅ የተመቸ ነበር። ደረሳው ኪታቡን ይዞ በተራው ከሸኹ ፊት ይቀመጣል፤ አንዱ በአንድ ዓመት የሚጨርሰውን ኪታብ ሌላው በሦስት ዓመት ይጨርሳል፤ «ወደቅህ» የሚባል ነገር የለም፤ ገና አልጨረስክም ብቻ ነው። ማየት የተሳናቸውና ሙሉ ኪታብ በጆሯቸው የሐፈዙ ዓሊሞች የወጡትም ከዚያ ነው። በመካ የሐጅ ወቅት ፈትዋ የሚሰጠው እርሱ ብቻ እንዲሆን ይታወጅለት የነበረው ታላቁ ታቢዒይ ዐጧእ ኢብን አቢ ረባሕ፣ ጥቁር፣ አንካሳ፣ በኋላም ዓይኑ የጠፋ ሰው እንደነበር ታሪክ ጸሐፊዎች መዝግበዋል። ይሁንና የድሮውን በሙሉ አላሞግስም። ለውሑን ይዞ ፊደል የተሳሳተበትን ሕፃን በአለንጋ የገረፈውም ያው ሥርዓት ነው፤ ከግርፋቱ ሸሽተው የጠፉትን ልጆች የቆጠራቸው የለም።

ዛሬ ደግሞ ለሚናራ ማሠሪያ ስንጠየቅ እጃችን ይፈታል፤ አልሐምዱሊላህ። ከመድረሳዎቻችን ውስጥ ፊደል የሚከብደውን ልጅ እንዴት ማስተማር እንደሚቻል የሠለጠነ ኡስታዝ ያለው ስንቱ ነው? ወይዘሮ ዘሚ የኑስ በገዛ ልጃቸው ምክንያት እ.ኤ.አ. በ2002 ጆይ የኦቲዝም ማዕከልን ሲመሠርቱ የጀመሩት አንዲት እናት ሆነው ነው፤ ፊደልን በድምፁ የሚያስተምር ዘዴም አዘጋጅተው ነበር፤ አላህ ይዘንላቸው። በአንድ ሴት ትከሻ የተጀመረውን ነገር አንድ ሙሉ ጀማዓ አይችለውም ማለት ይከብደኛል።

የቀረው የእኅቴ ጥያቄ ነው። ሚዛኑ ለልጅሽ ተጣሟል፤ አዎ። ሆኖም በጣትሽ ጫን ማድረጉ ሐራም ነው ያልኩት ይጸናል። በተጣመመ ሚዛን ላይ የጣት ክብደት ሲጨመር ሚዛኑ አይቃናም፤ የሚሆነው ሁለት ሐሰት ያለበት አንድ ቁጥር ነው። ያ ሰው በገንዘብ የሚያመጣው ወረቀት ልጁን በር ያሳልፈው ይሆናል፤ ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ ደግሞ በመጨረሻ የመውጫ ፈተና የሚባል ሌላ በር አለ፤ እዚያም መክፈል ሊኖር ነው። ከሁሉም በላይ ግን 41ዱ የልጁ ነው። በሦስት ፊደል መካከል እየተንገላታ፣ ማንንም ሳይገለብጥ ያመጣው ነው። ለእርሱ ስንል ሐሰተኛ 60 ብንገዛለት የነገርነው ነገር ቢኖር የአንተ አይበቃም የሚለውን ነው፤ ያንን ደግሞ ኡስታዙም እኔም ቀድመን ነግረነዋል።

ይህን ለእኅቴ ስነግራት ዝም ብላ ሰማችኝና «ለአንተ ቀላል ነው፤ ልጅህ አይደለም» አለች። እውነቷን ነው፤ መልስም አልሰጠሁም። ገንዘቡን አልሰጠችም። ሰውየውም ከዚያ ወዲህ አልመጣም።

አሁን ዒሻእ ከሰገድኩ በኋላ በየሌሊቱ የፊዚክሱንና የባዮሎጂውን መጽሐፍ ጮክ ብዬ እያነበብኩ በስልኬ እቀዳና በቴሌግራም እልክለታለሁ። እኔ የታሪክ መምህር ነኝ፤ የማነበውን ግማሹን አይገባኝም፤ የቀመሮቹንም ስም እንደ ነገሩ ነው የምጠራው። እርሱ በዶርሙ ተኝቶ ይሰማዋል። ትናንት መልእክት ላከልኝ፤ እንደ ልማዱ በድምፅ ነው። «አጎቴ፣ ጀዛከላህ» አለ፤ «ግን ትንሽ ፈጠን ብለህ አንብብልኝ፤ ትዘገይብኛለህ።»